ለብስክሌት የሚታቀድ ከተማ እና የነዋሪው ድምፅ

ስማቸው ከብስክሌት ጋር ተያይዞ ከሚነሳ ጥቂት የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ ባሕር ዳር ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በሜዳማ መሬት ተመሥርታለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጀርመን ባለሙያዎች የተዘጋጀው ማስተር ፕላንም ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎችን ሰጥቷታል። መልክዓ ምድሩና ፕላኑ ተጋግዘው ብስክሌትን የተማሪው፣ የመምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና የመንግሥት ሠራተኛው የዘወትር መጓጓዣ አደረጉት። ከብዙዎቹ የአገሪቱ ከተሞች በተለየ፣ በባሕር ዳር ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ ማየት ለማንም እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ያ ልማድ በሕግም ሆነ በንድፍ የተጠበቀ አልነበረም። ብስክሌተኛው መንገዱን ያገኘው ተሽከርካሪው ጥቂት ስለነበረ ብቻ ነው። ባጃጁ፣ ታክሲውና የጭነት መኪናው ሲበዙ፣ ያልተመደበለት ቦታ ከሥሩ እየጠበበ ሄደ። ብዙ ቤተሰብም ልጁን በሳይክል ወደ ትምህርት ቤት ከመላክ ይልቅ ለባጃጅ መክፈልን መረጠ። በሐዋሳና ሜዳማ በሆኑ ሌሎች ከተሞችም ታሪኩ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

አሁን ሁኔታው ሌላ መልክ እየያዘ ነው። በየከተማው በሚካሄደው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር የንድፉ አካል ሆኗል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚሆን ስፍራ ተሰጥቶታል። አገር አቀፉ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 ድረስ እንዲሠራበት ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ዛሬ የሚነሳው ጥያቄ መስመር ይኑር ወይስ አይኑር የሚል ሳይሆን መስመሩ በየት በየት ይለፍ፣ ማንንስ ከየት ወዴት ያድርስ የሚል ነው። ይህን ደግሞ በቢሮ ተቀምጦ ካርታ ከሚስለው ባለሙያ ይልቅ፣ በየዕለቱ ጎማው በየትኛው ጉድጓድ እንደሚገባ የሚያውቀው ብስክሌተኛ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የነዋሪው ተሳትፎ በአስተዳደር መልካም ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ችሮታ አይደለም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም የሕዝብን ተሳትፎ ከፕላን ዝግጅት መርሆዎች መካከል አስቀምጧል።

እዚህ ላይ ሁለት የፕላን ዓይነቶችን መለየት ይጠቅማል። መዋቅራዊ ፕላን የመላ ከተማውን አቅጣጫ የሚወስን ነው። ዋና ዋና መንገዶች፣ የገበያ ስፍራዎች፣ የመኖሪያና የኢንዱስትሪ ቀጠናዎች የሚቀመጡት በእርሱ ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ግን ወደ ሰፈር ይወርዳል፤ የመንገዱን ስፋት፣ የእግረኛውን መተላለፊያና የውኃ መውረጃ ቦዩን በዝርዝር ያሳያል። የብስክሌት መስመር ጉዳይ ሁለቱንም ይነካል። የትኛው ሰፈር ከየትኛው ጋር ይገናኝ የሚለው የመጀመሪያው፣ መስመሩ ከአስፋልቱ በምን ይለይ የሚለው የሁለተኛው ጉዳይ ነው። ነዋሪው ብዙ ጊዜ ቅሬታውን ይዞ የሚመጣው ጠርዝ ድንጋዩ ከተተከለ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ጨረታው ወጥቷል፣ ውሉ ተፈርሟል፣ ገንዘቱም በአብዛኛው ወጥቷል። በንድፍ ወቅት በአንድ ቀን ስብሰባ ሊታረም ይችል የነበረው ነገር ከግንባታ በኋላ እንደገና መቆፈርን ይጠይቃል።

ሆላንድ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም

ስለ ብስክሌት ሲነሳ ኔዘርላንድስ ሳትጠቀስ አትቀርም። ዛሬ በዚያች አገር የብስክሌቱ ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል፤ በአገሪቱ ከሚደረጉ ጉዞዎችም ከአራቱ አንዱ ያህሉ በብስክሌት ነው። ብዙ ሰው ይህን የአገሪቱ ተፈጥሮ ወይም የሕዝቡ ባሕል የወለደው አድርጎ ይወስደዋል። ታሪኩ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሊተረክ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኔዘርላንድስ በፍጥነት በለጸገች፤ መኪናም በዚያው መጠን በዛ። የከተማ አስተዳደሮች ለመኪና ቦታ ለማስለቀቅ ነባር ሰፈሮችን አፈረሱ፤ አደባባዮችን የመኪና ማቆሚያ አደረጉ። የብስክሌተኛው ቁጥር ከዓመት ዓመት አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በትራፊክ አደጋ ከ3 ሺህ 200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ።

ከእነዚያ ሕፃናት አንዷ የጋዜጠኛው የቪክ ላንገንሆፍ ልጅ ነበረች። አባትየው በ1972 በሚሠራበት ጋዜጣ ላይ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ርዕስ የሰጠውን ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ ከባድ ነው፤ አደጋ እየተባለ በየቀኑ የሚታለፈውን ነገር ግድያ ብሎ ጠርቶታልና። ብዙም ሳይቆይ ያው ርዕስ የአንድ ንቅናቄ ስም ሆነ። ወላጆች በየከተማው ተደራጁ፤ የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበርም ኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ለመሆን የበቃችው ማርትየ ፋን ፑተን ነበረች።

የንቅናቄው አካሄድ ልብ ሊባል ይገባል። አባላቱ አደጋ በሚደጋገምባቸው ቦታዎች ተሰብስበው መንገዱን ያዙ። ልጆች በሰላም እንዲጫወቱ አንዳንድ ጎዳናዎችን ለአንድ ቀን ዘጉ፤ ጠረጴዛ አውጥተው በመንገዱ ላይ ተቀመጡ። በብስክሌት ተሰልፈው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ዮፕ ደን ኧይል መኖሪያ ቤት በመሄድም እየዘመሩ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። በአምስተርዳም ደ ፓይፕ በተባለ የተጨናነቀ ሰፈር ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ራሳቸው የሚጫወቱበት ጎዳና ለመኪና እንዲዘጋ ተነሡ። መንገዱን በዘጉ ጊዜ ተቆጥተው መከላከያውን የሚያነሡ አሽከርካሪዎች እንደነበሩ በወቅቱ የተቀረጸው ፊልም ያሳያል። የልጆቹ ጥያቄ ግን የኋላ ኋላ ሰሚ አገኘ።

በ1975 የብስክሌተኞች ማኅበር ተመሠረተ። የማኅበሩ ሥራ ከሰላማዊ ሰልፍ አልፎ መቁጠርና መመዝገብ ጭምር ነበር። አባላቱ በየሰፈራቸው እየዞሩ አደገኛ መስቀለኛ መንገዶችን ለዩ፤ የመንገድ ንድፍ ማንበብን ተማሩ፤ ከማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው መከራከር ጀመሩ። ቁጣ በር ያስከፍታል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚያስፈልገው ግን መረጃ ነው። ሆላንዳውያኑ ሁለቱንም ይዘው ነበር።

ዕድልም ረድቷቸዋል። በ1973 የዓረብ አገራት የነዳጅ ማዕቀብ ሲጥሉ የኔዘርላንድስ መንግሥት እሁድ እሁድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ክልከላው የዘለቀው ለሁለት ወራት ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ከተማው ያለ መኪና ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ፤ ልጆችም በአውራ ጎዳና ላይ ብስክሌት ነዱ። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ጊዜ ያየን ሕዝብ «አይቻልም» ብሎ ማሳመን ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሙከራ ዘመን ለዛሬዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያዘለ ይመስላል። መንግሥት በ1970ዎቹ አጋማሽ በቲልበርግና በዘ ሄግ ከተሞች ጥራት ያላቸው የብስክሌት መንገዶችን በሙከራ አስገነባ። መንገዶቹ ያማሩ ነበሩ፤ ብስክሌተኞችም ወደ እነርሱ መጡ። የመጡት ግን በአብዛኛው ቀድሞም በሌላ ጎዳና ብስክሌት ይነዱ የነበሩት ናቸው፤ በከተማው ያለው የብስክሌተኛ ቁጥር የተጠበቀውን ያህል አላደገም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ያማረ መንገድ ሰውን ከቤቱ ደጃፍ አንሥቶ እስከሚሄድበት ድረስ አያደርሰውም። ዴልፍት የተባለችው ከተማ ከዚህ ተምራ የተለየ ዘዴ ተከተለች። በ1970ዎቹ መጨረሻ ባወጣችው ዕቅድ የከተማ፣ የክፍለ ከተማና የሰፈር በሚሉ ሦስት እርከኖች የተያያዘ መረብ ዘረጋች። ብዙ ገንዘብ የወጣው በድልድይና በመሿለኪያ እንጂ በሚታይ ጌጥ ላይ አልነበረም፤ የተቋረጠው ቦታ ተቀጠለ፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ የነበረውም ለብስክሌት በሁለቱም በኩል ተከፈተ። ለእግረኛና ለልጆች ጨዋታ ቅድሚያ የሚሰጠው፣ መኪና በእግር ፍጥነት ብቻ የሚገባበት የሰፈር ጎዳናም መነሻው ያችው ዴልፍት ናት፤ በ1976 በአገሪቱ ሕግ እውቅና አግኝቷል።

የዛሬዋን ኔዘርላንድስ የፈጠረው አንድ ከንቲባ ወይም አንድ ዐዋጅ ሳይሆን ለዓመታት ያልተቋረጠ ይህ ሥራ ነው። ሕዝቧም መኪናዋም ከዚያን ጊዜ ይልቅ እጅግ በዝተው ሳለ፣ በቅርብ ዓመታት በትራፊክ አደጋ የሚሞተው ሰው ቁጥር በዓመት 800 አይደርስም።

ከፍታ ምክንያት ይሆናል?

«ይህ ለሜዳ አገር ነው» የሚለው አስተያየት በደጋማ ከተሞች ደጋግሞ ይሰማል። ቁልቁለትና ዳገት በእርግጥም እንቅፋት ነው፤ ከፍታ ብቻውን ግን አይደለም። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላለች። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 1974 በብስክሌት ወዳጆች አስተባባሪነት በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ዋና ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ አድርገው ነዱባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የከተማው አስተዳደር መርሐ ግብሩን በይፋ ተቀበለው። ዛሬ ሲክሎቪያ በሚል ስም በየእሁዱና በየበዓላቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈታል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቷል። መርሐ ግብሩ ለጤናና ለመዝናኛ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ለዕቅድ ሥራ ያለው ጥቅም ግን ያነሰ ትኩረት ያገኘ ይመስላል። መኪና በሌለበት ሰዓት ስንት ሴት፣ ስንት ሕፃን፣ ስንት አዛውንት ብስክሌት ይዞ እንደሚወጣ መቁጠር፣ መንገዱ ቢመች ኖሮ በአዘቦት ቀን ማን ሊወጣ ይችል እንደነበር ያሳያል። ዛሬ በመንገድ ላይ ያለውን ብቻ መቁጠር ፈርቶ የቀረውን ያስረሳል።

ገበሬው በከተማ ፕላን ውስጥ

የከተማ ፕላን ሲነሳ ገበሬው ጉዳዩ የማይመለከተው ሆኖ ይታያል፤ ይህ ስሕተት ነው። ከዘንዘልማ፣ ከመሸንቲና ከመሳሰሉት የባሕር ዳር ዙሪያ ቀበሌዎች ወተት፣ እንቁላል፣ ጎመንና ቃሪያ ይዞ ወደ ገበያ የሚመጣው ሰው በየሳምንቱ የከተማውን መንገድ ይጠቀማል። ሒሳቡም ቀላል ነው። አሥር ኪሎ ሜትር በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ብስክሌት ግን 40 ደቂቃ ነው። ወተት ለሚያመላልስ ሰው ይህ ልዩነት ወተቱ ሳይበላሽ መድረሱን የሚወስን ነው። በሩዋንዳ፣ በማላዊና በኡጋንዳ ገበሬው ድንቹን፣ ሙዙንና ከሰሉን በብስክሌት ጭኖ ገበያ ማውጣቱ የተለመደ ነው።

ችግሩ ያለው የገጠሩ መንገድ ከከተማው መንገድ በሚገናኝበት ቦታ ነው። የከተማው የብስክሌት መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሀል ነው፤ ወደ መግቢያው በር ሲቃረብ ይቋረጣል። የጭነት መኪናና የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ በፍጥነት የሚገሠግሡበት ደግሞ ይኸው መግቢያ ነው። ስለሆነም የከተማው ማኅበረሰብ ውይይት ሲጠራ የአጎራባች የገጠር ቀበሌ ተወካዮች አብረው ሊጠሩ ይገባል። በገበያ ቀን ከማለዳው አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በከተማው መግቢያ ቆሞ የሚገባውን ብስክሌት፣ የጭነቱን ዓይነትና የመጣበትን ቀበሌ የመዘገበ ሰው፣ ለውይይቱ ከብዙ ንግግር የሚበልጥ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል።

ነዋሪው ይዞት የሚቀርበው

በስብሰባ ላይ «ብስክሌት መንገድ ያስፈልገናል» ማለት መልካም ቢሆንም ለመሐንዲሱ የሚሰጠው ሥራ የለም። የትኛው መስቀለኛ መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት ለሚመጣ ሰው አስቸጋሪ እንደሆነ ሲነገረው ግን እርሳሱን ያነሣል። ቁጥሩ በዕድር፣ በወጣት ማኅበር ወይም በትምህርት ቤት ክበብ ሊሰበሰብ ይችላል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ነው። አንዱን ሰዓት በሥራ ቀን፣ ሌላውን በገበያ ቀን ወስዶ ወንድና ሴትን፣ ልጅና አዋቂን ለይቶ መቁጠር ይበቃል። የአካባቢው ትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ ሲጨመርበት፣ አደጋው የሚደጋገምበት ቦታ ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

የስብሰባው ሰዓትም ራሱ የተሳታፊውን ማንነት ይወስናል። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ የሚጠራ ስብሰባ ተማሪውን፣ የቀን ሠራተኛውንና ቡና ቤት የምትሠራዋን ሴት ያስቀራል። ብስክሌት የሚነዱት ግን በአመዛኙ እነርሱ ናቸው።

በንድፉ ላይ ሲወያዩ ደግሞ ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ይረዳል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚሄድ የብስክሌት መስመር 2 ሜትር ያህል ስፋት ይመከራል፤ አንዱ ሌላውን መቅደም የሚችለው፣ ጭነት ያለውም ሳይነካካ የሚያልፈው ያን ጊዜ ነውና። ቀለም ብቻ የተቀባ መስመር ብዙም ሳይቆይ የባጃጅ መቆሚያ ወይም የሱቅ ዕቃ መደርደሪያ ይሆናል፤ ጠርዝ ያለው ግን ይከበራል። አብዛኛው ግጭት የሚደርሰው ቀጥ ባለው መንገድ ሳይሆን በመገናኛው ላይ ስለሆነ፣ ንድፉ ከመስቀለኛው መንገድ በፊት ተቋርጦ ከመስቀለኛው በኋላ የሚቀጥል ከሆነ ዋናው ቦታ ተዘሏል ማለት ነው። የውኃ መውረጃ ክዳን ፍርግርግም ከጎማው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተገጠመ ቀጭን ጎማ ይውጣል፤ አግድም መሆን አለበት። ይህን የመሰለውን ጥቃቅን ነገር በካርታ ላይ የሚያስተውለው የወደቀበት ሰው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የሚያሳርፈው ጉልበት በ30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ነው። በትምህርት ቤትና በገበያ አካባቢ ፍጥነት በ30 እንዲገደብ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታ ጠቦ የተለየ መስመር ማውጣት በማይቻልበት የሰፈር ውስጥ ጎዳና፣ ፍጥነትን መቀነስ ከሁሉ የረከሰው አማራጭ ነው።

የነጋዴው ሥጋትም በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በዘ ሄግ የሙከራው መንገድ ሲሠራ ጠንካራ ተቃውሞ ያነሡት ባለ ሱቆች ነበሩ፤ ደንበኛ መኪናውን የሚያቆምበት ካጣ አይመጣም ብለው ነበር። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ያህል ብስክሌት ማቆም እንደሚቻል መናገሩ ብቻ አያረካቸውም። ጭነት የሚራገፍበት ሰዓት ተለይቶ መመደብ አለበት፤ የብስክሌት ማቆሚያውም ከሱቁ ደጃፍ የራቀ መሆን የለበትም። ጉዳዩ ካከራከረ በቋሚ ግንባታ ፈንታ ለጥቂት ወራት በሚነሣ ድንጋይና በቀለም መስመሩን ሞክሮ፣ የብስክሌተኛውንም የገበያተኛውንም ቁጥር ከሙከራው በፊትና በኋላ ማነጻጸር ይቻላል።

መስመሩ ከተሠራ በኋላ ያለው ሥራ አነስተኛ በጀት የሚይዝ፣ ነገር ግን ቶሎ የሚረሳ ነው። ከክረምት በኋላ ጎርፍ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ካልተጠረገ ብስክሌተኛው ወደ አስፋልቱ ይመለሳል። የመንገድ መብራት ካልሠራ ደግሞ ማታ ከሥራ የምትወጣው ሴት ቀድማ ትቀራለች። ለዚህም የጽዳት ኃላፊነቱ የየትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የተቃጠለ መብራት ለማን እንደሚነገርና በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ መንገዱ ከመመረቁ በፊት በጽሑፍ ሊታወቅ ይገባል።